ጠፍቶ የማያውቀው ብሬከር፦ የአንድ የንግድ ሕንፃ የኤሌክትሪክ ፍተሻ ማስታወሻ

ማክሰኞ

ሥራው የመጣው በስልክ ነው። ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ ባለ 4 ፎቅ የንግድ ሕንፃ ነው። ምድር ላይ ካፌና ሱቆች አሉ። አንደኛ ፎቅ ልብስ ቤቶችና ስልክ ጥገና፣ ሁለተኛው ላይ ልብስ ስፌት፣ ከዚያ በላይ ቢሮ ነው። ኢንሹራንሳቸው የኤሌክትሪክ ፍተሻ ወረቀት ጠይቋቸዋል።

የሕንፃው አስተዳዳሪ ትልቅ ሰው ናቸው። «ምንም ችግር የለብንም። መብራቱም ማሽኑም ይሠራል። ወረቀቷን ብቻ ጻፍልን» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን የምጽፈው ከለካሁ በኋላ ነው። የተበላሸ ነገር ካገኘሁም እጽፈዋለሁ» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም ብለው «እሺ ልጄ፣ ግባበት» አሉ።

በመጀመሪያው ቀን መሣሪያ አላወጣም። እዞራለሁ፣ አያለሁ፣ አሸታለሁ፣ እጠይቃለሁ። ሰው ቀኑን ሙሉ ከዕቃው ጋር ስለሚውል ከቴስተሬ በፊት የሚያውቀው ነገር አለ። ግን ይለምደዋል። ከለመደው በኋላ ደግሞ ካልጠየቁት አይናገረውም።

ካፌ ውስጥ የቡና ማሽኑ ፊት፣ ባሬስታው የሚቆምበት ቦታ ላይ፣ የታጠፈ ካርቶን ተነጥፏል። ባለቤቷን «እትዬ፣ ይሄ ካርቶን ለምንድነው?» አልኳቸው። «ወለሉ ሲታጠብ ማሽኑ ትንሽ ነዘር ስለሚያደርጋቸው ነው። ሌላ ጊዜ ደህና ነው» አሉኝ። ይህን የነገሩኝ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወሩ በተረጋጋ ድምፅ ነው። ካርቶኑን እያየሁ ቆየሁ። ስንት ልጅ በዚያ ካርቶን ላይ ቆሞ ማኪያቶ እንደሠራ አሰብኩ።

ልብስ ስፌቱ ቤት ውስጥ ሦስት ካውያዎች በአንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተዋል። ኃላፊው ኩራት ባለው ድምፅ እንዲህ አለኝ፦ «የኛ ብሬከር ጠፍቶ አያውቅም። ድሮ በቀን ሦስት አራቴ ይጠፋብን ነበር። አንድ ልጅ መጥቶ ቀየረልን፣ ተገላገልን።» ብሬከር የተሠራው ጭነት ሲበዛ መስመሩን እንዲያጠፋ ነውና ይህን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች የሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ጫማዋን አውልቃ የኮምፒውተሩን ቆርቆሮ ስትነካ እንደሚነዝራት ነገረችኝ።

ከመሄዴ በፊት ምድር ቤት ወዳለው ዋናው ፓኔል ወረድኩ። ክፍሉ ዕቃ ቤት ሆኗል። ካርቶን፣ መወልወያ፣ የቀለም ጣሳ። ያን ሁሉ ዛሬውኑ አስወጣሁ። የፓኔሉን በር ስከፍት የዓሣ ሽታ የሚመስል ሸተተኝ። የጋለ ፕላስቲክ አንዳንዴ እንደዚያ ይሸታል። ዓሣ የሚሸጥ ሱቅ ሕንፃው ውስጥ የለም።

ረቡዕ

ጭነቱ ከፍ የሚልበትን ሰዓት መረጥኩ። ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት። ካፌው ይሞላል፣ ካውያዎቹ ይሠራሉ፣ ቢሮው ገብቷል።

ገመድ አቅፎ ኮረንቲ የሚለካውን ክላምፕ ሜትር በየፌዙ፣ ማለትም ኮረንቲ በሚያመጡት ሦስት ገመዶች ላይ፣ አደረግሁ። አንዱ ፌዝ 71 አምፔር፣ ሁለተኛው 38፣ ሦስተኛው 22። ካፌውም ስፌቱም የተንጠለጠሉት በአንዱ ፌዝ ላይ ነው። ሦስት ሰው የሚሸከመውን ጆንያ አንዱ ብቻውን እንደመሸከም ነው። ልዩነቱ የሚመለሰው በኒውትራል፣ በጋራው የመመለሻ ገመድ፣ በኩል ስለሆነ እሱን ለካሁ። 47 አምፔር።

ከዚያ ሙቀት መለኪያውን አወጣሁ። በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ይሄ መሣሪያ ይሳሳታል፤ ስለዚህ የኬብሉን ፕላስቲክ ነው የማነጣጥረው። የፌዞቹ ኬብሎች ከ36 እስከ 41 ዲግሪ ናቸው። ኒውትራሉ ብሎኑ ጋ ሲደርስ 91 ዲግሪ። ይህ ፕላስቲክ የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ ድረስ እንዲሠራ ነው። ጠጋ ብዬ ሳየው ጫፉ ቡናማ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። የሽታው ምንጭ ተገኘ።

ለአስተዳዳሪው ነገሩን በቁጥር አስረዳኋቸው። ኒውትራሉ አሁን ቢበጠስ መብራቱ አይጠፋም። እንደዚያ ቢሆን ጥሩ ነበር። ፌዞቹ እርስ በርስ መጓተት ይጀምራሉ። በዛሬው ጭነት ስሌት፣ ካፌውና ስፌቱ ያሉበት መስመር ወደ 150 ቮልት ይወርዳል። ቢሮዎቹ ያሉበት ደግሞ ወደ 280 ይወጣል። ለ220 የተሠራ ዕቃ 280 ሲገባበት ምን እንደሚሆን «ፍሪጁም ቲቪውም አንድ ቀን ተቃጠለ» ሲባል የሰማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ያ ታሪክ የኒውትራል ታሪክ ነው።

«እስከ ቅዳሜ አይቆይም?» አሉ።

«አይቆይም ጋሼ። ዛሬ ማታ።»

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ካፌው ሲዘጋ ዋናውን አጠፋን። የተቃጠለውን ጫፍ ቆረጥኩት። ከውስጡ የወጣው መዳብ ጥቁር ነበር፤ መዳብ መዳብ የሚመስለው አካባቢ ላይ እስክደርስ ድረስ ወደኋላ መቁረጥ ነበረብኝ። አዲስ ተርሚናል አስሬ ብሎኑን በመለኪያ ቁልፍ፣ አምራቹ በጻፈው ልክ አጠበቅሁት። በእጅ ስሜት «በቃ ጠብቋል» የሚባለው ነገር ነው እዚህ ያደረሰን። ሁለት ሰዓት ፈጅቶብን ጨረስን።

ሐሙስ

የነዘረው ጉዳይ። ሌሊቱን ሙሉ ካርቶኑ ከፊቴ አልሄደም።

ካፌ ውስጥ ያለ አንድ ሶኬት ከፈትኩ። አረንጓዴና ቢጫው የኧርዝ ገመድ (የሸሸ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚያወርደው) አለ፣ በደንብም ታስሯል። ፓኔሉ ላይም የሁሉም ፎቅ ኧርዝ አንድ የመዳብ ዘንግ ላይ ተሰብስቧል። ሲያዩት የሚያምር ሥራ ነው። ይህን ብቻ አይቶ «ኧርዝ አለው» ብሎ የፈረመ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም ማለት እፈልግ ነበር። ግን እፈርድበታለሁ፤ ምክንያቱም አልለካም።

በመልቲሜትር ከዘንጉ እስከ ውጭ መሬት ውስጥ እስከተከልኩት ብረት ድረስ ለካሁ። 134 ቮልት። ዜሮ መሆን ነበረበት።

ከዘንጉ የሚወጣውን ወፍራም ኬብል ተከትለን ወረድን። ግድግዳ ውስጥ ገባ፣ በመኪና ማቆሚያው በኩል ወጣ፣ ከዚያ ንጣፍ ሥር ጠፋ። ረዳቴ ንጣፉን አነሳው። ኬብሉ አንድ ክንድ የማይሞላ መንገድ ሄዶ ተቆርጧል። መኪና ማቆሚያው ሲታደስ ቆርጠውት ይሁን መዳቡ ተፈልጎ አላውቅም። መሬት ውስጥ የሚገባው ዘንግ ቦታው ላይ የለም።

ይህ ኧርዝ ከሌለው ሕንፃ ይብሳል። ለምን እንደሆነ በደንብ መናገር እፈልጋለሁ። የሁሉም ዕቃ ቆርቆሮ በዚያ የመዳብ ዘንግ ላይ ተገናኝቷል፤ ዘንጉ ግን ከመሬት ጋር አልተገናኘም። ስለዚህ ካፌ ውስጥ ያለ አንድ ዕቃ ኮረንቲ ቢያፈስ ያ ኮረንቲ መሬት አይገባም። ወደ ዘንጉ ሄዶ በየፎቁ ይከፋፈላል። የሦስተኛ ፎቋ ልጅ የኮምፒውተሯን ቆርቆሮ ስትነካ የካፌውን ብልሽት እየነካች ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ኮምፒውተሮቹ ራሳቸው ውስጣቸው ባለው ማጣሪያ በኩል ትንሽ ትንሽ ወደ ኧርዝ ይለቃሉ። ያም ወደ መሬት ካልወረደ ቆርቆሮው ላይ ይቀራል።

እትዬን ማሽኑን እንዲያጠፉ ለመንኳቸው። «ማሽኑ ከቆመ ካፌው ቆመ እኮ» አሉ። እውነታቸውን ነው። «እስከ ነገ ማታ ብቻ። ለአንድ ቀን ጀበና ያቅርቡ» አልኳቸው። ካርቶኑንና 134 የሚለውን ቁጥር አሳየኋቸው። ዓይናቸው ካርቶኑ ላይ ቀረ። ሄደው ራሳቸው ከሶኬቱ ነቀሉት።

ዓርብ

ጠዋት መርካቶ። አራት የኧርዝ ዘንግ፣ ባዶ መዳብ ሽቦ፣ ማያያዣ፣ ቤንቶናይት (እርጥበት የሚይዝ የሸክላ አፈር)፣ ገመድ፣ ብሬከሮች።

ገመድ ስገዛ ካሊፐር ይዤ ነው የምሄደው። 2.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ተብሎ የሚሸጥ ነጠላ ሽቦ ውፍረቱ 1.78 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ሱቅ ያሳየኝ ጥቅልል 1.6 ለካ። ይህ ወደ 2 ካሬ ነው። ላዩ ላይ ግን 2.5 ተብሎ ታትሞበታል። ሦስተኛው ሱቅ ጋ ትክክለኛውን አገኘሁ፤ ዋጋውም ያንኑ ያህል ጨምሯል። ገዢ ስትሆኑ ካሊፐር ያዙ። የገመድ ውፍረት ማንም ከኋላ የማያየው ነገር ነው፤ ግድግዳው ውስጥ ይቀራል።

ከሰዓት በኋላ መቆፈር። ዘንጎቹ 1.5 ሜትር ናቸው። ከመኪና ማቆሚያው ጎን ባለው የአትክልት ቦታ፣ እርስ በርስ 3 ሜትር አራርቀን ቀበርናቸው። በየጉድጓዱ ቤንቶናይት ሞላን። ጥበቃው «ጨውና ከሰል አታደርጉበትም?» ብሎ ጠየቀ። ብዙ ቦታ የሚደረገው እሱ ነው። ጨው ለጊዜው ይረዳል። ክረምት ሲመጣ ግን ታጥቦ ይሄዳል፣ እስከዚያም መዳቡን ይበላዋል።

መሬቱ ኮረንቲን ምን ያህል እንደሚያግድ መለካቱ ጊዜ ወሰደ። የሚለካው በኦም ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። አንዱን መለኪያ ብረት 30 ሜትር ርቀት ላይ፣ መሃለኛውን ወደ 18.5 ሜትር ላይ ተከልን። ከዚያ መሃለኛውን ሁለት ሜትር ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሰን ደግመን ለካን። ቁጥሩ ካልተቀያየረ ልኬቱ ይታመናል። አንድ ዘንግ ብቻ 34 ኦም ሰጠ። ሁለት ሲሆን 19፣ ሦስት ሲሆን 13። አራተኛው ሲጨመር 9.6። እኛ የምንፈልገው ከ10 በታች ነው። የካቲት ላይ መሬቱ ደርቋል፤ ለመለካት ክፉ ወር ነው፣ ለእውነት ግን ጥሩ ወር ነው። በደረቅ 9.6 ያለ መሬት ሐምሌ ላይ ይሻሻላል እንጂ አይብስም።

አመሻሽ ላይ ከተቀበሩት ዘንጎች የመጣውን አዲስ ኬብል ፓኔሉ ላይ ካለው የመዳብ ዘንግ ጋር አሰርኩ። 134 የነበረው ቮልት 0.4 ሆነ። እትዬ ማሽኑን ሲሰኩት ነዘሩ የለም። ምርቃቱን አዘነቡልኝ።

ቅዳሜ

ልብስ ስፌት ቤት።

ሶኬቱን ስፈታ ክዳኑ በእጄ ላይ ተፈረፈረ። ውስጡ ያለው ቀይ ገመድ ቀይ መሆኑ ቀርቷል። ስነካው እንደ ደረቅ ስፓጌቲ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፣ መዳቡ ባዶውን ቀረ። ያንን ቁራጭ በላስቲክ አድርጌ ኪሴ ከተትኩ፤ በኋላ ያስፈልገኛል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንዱ ካውያ 1600 ዋት ነው። ሦስቱ 4800። ለ220 ሲካፈል ወደ 22 አምፔር። ዲቫይደሩ ላይ የተጻፈው 10 አምፔር ነው። ግድግዳ ውስጥ ያለው ገመድ ባለ 2.5 ነው፤ የድሮው ብሬከር 16 ነበር። 16ቱ ብሬከር በቀን ሦስት አራቴ የሚጠፋው ተበላሽቶ አልነበረም። ገመዱ እየጋለ እንደሆነ እየተናገረ ነበር። አሁን ያለው ብሬከር ላይ የተጻፈው 40 ነው። 22 አምፔር ለ40 ብሬከር ምንም አይደለም። ስለዚህ ዝም አለ፤ ገመዱ ግን በየቀኑ ግድግዳው ውስጥ ይጠበስ ነበር፣ ከላዩ ደግሞ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ጨርቅ አለ።

ኃላፊውን ጠራሁት። ላስቲኩን ከኪሴ አውጥቼ ገመዱን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። አልተናገርኩም። በጣቱ ሲጫነው ፕላስቲኩ ተሰበረ። ቀና ብሎ ጨርቁን አየ፣ ከዚያ ልጆቹን አየ። አምስት ሴቶች የስፌት መኪና ፊት ተቀምጠው ይሰፉ ነበር።

«ታዲያ ያ ልጅ ለምን እንዲህ አደረገ?» አለ።

«ጠፋብኝ አልከው፤ እንዳይጠፋ አደረገልህ።»

ሁለት አዲስ መስመር ዘረጋን። በየመስመሩ ባለ 2.5 ገመድና 16 አምፔር ብሬከር። አንዱ ላይ ሁለት ካውያ፣ ሌላው ላይ አንድ። ካውያዎቹ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ባለ ሶኬት ይሰካሉ። የልብስ ስፌቱን መስመር ጭነት ወደቀለለው ሦስተኛ ፌዝ አዞርኩት። ዲቫይደሩን ይዤው ወጣሁ።

እሁድ

ሱቆቹ ዝግ ናቸው። ሕንፃውን ሙሉ በሙሉ አጥፍተን የምንለካበት ቀን ነው። ዋናው ብሬከር ላይ ቁልፍ አደረግሁ። የጀነሬተሩ ቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም ሕንፃውን ወደ ጀነሬተር የሚያዞረው ማብሪያ፣ ላይም ሌላ ቁልፍ። ሁለቱም መክፈቻ ኪሴ ውስጥ ነው።

ረፋዱ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ሆነን የጀነሬተር ድምፅ ሰማን። እጄ ገመድ ላይ ነበር። ዘልዬ ወጣሁ። የቀኑ ተረኛ ጥበቃ «መብራት ሄዷል» ብሎ፣ እኛን ለመርዳት አስነስቶታል። ሰው ሲለፋ አይቶ ማለት ነው። ለማታው ጥበቃ ነግሬ ለቀኑ አልነገርኩም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ቼንጅ ኦቨሩ ስለተቆለፈ ኮረንቲው ወደ እኛ አልመጣም። ያ የተንጠለጠለ ትንሽ ቁልፍ ባይኖር ኖሮ ይህን ማስታወሻ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር። በሩ ላይ «ሰው እየሠራ ነው፣ አታብሩ» ብለን በትልቁ ጽፈን ለጠፍን።

እዚያው ፎቅ ላይ ሌላ ነገር። የድሮው የሕንፃው ገመድ ኒውትራሉ ጥቁር ነው። በኋላ የተጨመረው ክፍል ግን አዲሱን ቀለም ይከተላል፦ ኒውትራል ሰማያዊ፣ ጥቁር ደግሞ ፌዝ። ሁለቱ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተገናኝተዋል። ረዳቴ ጥቁሩን አይቶ «ይሄ ኒውትራል ነው» አለኝ። በግማሹ ትክክል ነው። ዛሬ ኮረንቲው ጠፍቷልና ምንም አይሆንም፤ ሌላ ቀን ግን እንዲህ ብሎ የሚነካ ልጅ ይኖራል። ሳጥኖቹ ላይ ሁሉ «ሁለት ዓይነት ቀለም፣ ሳትለኩ አትንኩ» የሚል ወረቀት ለጠፍን፤ ጫፎቹን በቀለም ቴፕ ጠቀለልን።

ከዚያ ሜገር፣ የገመድ ልባስ መፈተሻው። ዕቃው ሁሉ ከሶኬት ተነቅሎ፣ በየመስመሩ 500 ቮልት ተልኮ፣ ገመዱ ምን ያህል እንደሚያፈስ ይታያል። አይ ኢ ሲ 60364 በሚባለው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ደረጃ መሠረት ከ1 ሜጋ ኦም ማነስ የለበትም። አብዛኛው መስመር ከ100 በላይ ሰጠ። አራተኛ ፎቅ ያለው የመብራት መስመር ግን 0.06። መስመሩን ከመሃል ለየነው፣ ከዚያ ግማሹን እንደገና ለየነው። መጨረሻ ላይ ሽንት ቤቱ ጣሪያ ሥር ያለ የማገናኛ ሳጥን ላይ ደረስን። ከሰገነቱ ታንከር የሚወርደው ቱቦ በላዩ ጠብ ጠብ ይላል። ሳጥኑ ውስጥ ውኃ ቋጥሯል። ቱቦው ተጠገነ፣ ሳጥኑ ተለወጠ፣ ቦታውም ራቅ አለ። 180 ሜጋ ኦም።

ሰኞ

አር ሲ ዲ የመግጠም ቀን። ይህ የሄደውና የተመለሰው ኮረንቲ እኩል መሆኑን የሚቆጣጠር ነው። 30 ሚሊ አምፔር ያህል የትም ከሸሸ ይቆርጣል። ብሬከር ገመድን ይጠብቃል፤ ሰውን የሚጠብቀው ይሄ ነው። ለካፌው፣ ለስፌቱ፣ ለስልክ ጥገናውና ለሽንት ቤቶቹ፣ አራት።

በመሣሪያ ፈተንኳቸው። ሕጉ የሚፈቅደው እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሦስቱ ከ22 እስከ 31 ውስጥ ቆረጡ። አራተኛው በ30 ሚሊ አምፔር ጭራሽ አልቆረጠም። የራሱ የመፈተኛ ቁልፍ ሲጫን ግን ይጠፋል። ቁልፏን ብቻ ተጭኜ ቢሆን ኖሮ አልፌው እሄድ ነበር። መለስኩት፣ ሻጩ ያለ ክርክር ቀየረልኝ።

ማክሰኞ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ። እትዬ ናቸው። ድምፃቸው ተቆጥቷል። «አንተ ልጅ፣ ምን አድርገህብኝ ነው የሄድከው? አዲሱ ነገርህ ማሽኑን ሳበራው ይጠፋል። ደንበኛ ቆሟል!»

ደረስኩ። ማሽኑን ስነቅለው አር ሲ ዲው ሳይጠፋ ይቆያል። ስሰካው ይቆርጣል። እሁድ የለካነው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ገመድ ነበር፤ ማሽኑ ተነቅሎ ነበር። ኧርዙ ሲስተካከል ነዘሩ ጠፋ እንጂ ብልሽቱ እዚያው አለ። ያፈሰሰው ሁሉ መሬት ስለገባ ማንም አልተሰማውም። ዓርብ ማታ ማሽኑን ራሱን ልፈትሸው ይገባኝ ነበር። ምርቃቱ አዘናጋኝ።

የማሞቂያውን ሽቦ ከማሽኑ ቆርቆሮ ጋር በሜገር ለካሁት። 0.01 ሜጋ ኦም እንኳ አልሞላም። ማሞቂያው ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት ኮረንቲውን ከብረቱ የሚለይ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ማሸጊያ ሲሰነጠቅ እርጥበት ይጠጣል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይጠጣል፣ ጠዋት ይብስበታል። እትዬን አስጠግቼ የተሰነጠቀውን ማሸጊያ አሳየኋቸው።

«ልጆቼን ይዟቸው የነበረው ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

አዲስ ማሞቂያ ከሰዓት በኋላ ተገጠመ። ሜገሩ ከ200 ሜጋ ኦም በላይ አለ። አር ሲ ዲው አልቆረጠም። ባሬስታው ካርቶኑን አንስቶ ወደ ቆሻሻው ወሰደው።

ለእትዬ በየወሩ መጀመሪያ ላይ የመፈተኛዋን ቁልፍ እንዲጫኑ ነገርኳቸው። ካልጠፋ ይደውሉልኛል። የመጀመሪያውን እዚያው ፊቴ ራሳቸው ተጫኑት። ቀጭ ብሎ ጠፋ። ፍሪጁ ዝም አለ፣ መብራቱ ሄደ። «ጠፋ!» አሉ፣ ፊታቸው ፈክቶ። መልሰው አበሩት።